ባትሪያችንን የገደለው

«አንቺ ልጅ፣ ታያለሽ፤ አትናገሪም። አይቶ የማይናገር ሰው ያው ግድግዳ ማለት ነው።»

ይህን ያለችኝ ሁሩታ ከተማ ስማር የሳይንስ አስተማሪያችን የነበረች ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ተሳስታ ጽፋ፣ እኔ ማየቴን ከዓይኔ፣ ዝም ማለቴን ደግሞ ከአፌ አንብባ ነው። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ደነገጥኩ። በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ላይ እናቴ ታመመችና ትምህርቱን ተውኩት፤ ከዚያ ትዳር መጣ፣ ከዚያ ልጅ መጣች። ነገሩን ውዬ አድሬ ሳስበው ግን ስድብ አልመስል አለኝ። እስቲ አስቡት፤ ጣሪያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጮኻል፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፣ ወለሉም በተረገጠ ቁጥር ይንቋቋል። ሁሉን ሰምቶ ዝም የሚለው፣ ቤቱንም የሚያቆመው ግድግዳ ነው። ደግሞስ «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? በዚሁ ተጽናንቼ አሰላ ውስጥ ግድግዳ ሆኜ እኖራለሁ።

ግድግዳ የሆነ ሰው ብዙ ያያል። ያየሁትን ሁሉ ብነግራችሁ የሚቀየመኝ ስለሚበዛ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። በዚህ ከተማ ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት ትርፍ ሙያ አለው። አንደኛው ሐኪምነት ነው። ሳል ይዟችሁ ከቤት እስከ ገበያ ብትሄዱ፣ ገበያ ስትደርሱ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ፌጦና አንድ የማታውቁት ቅጠል ታዞላችኋል፤ ያዘዘላችሁ ሰው ራሱ እያሳለ ነው። ሁለተኛው መካኒክነት ነው። መኪና ኮፈኗን ከከፈተች፣ ባለመኪናው ሆነም አልሆነ፣ የሚያልፈው ወንድ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሞተሩን ሳያይ አያልፍም። አይቶ ደግሞ ዝም አይልም። ሞተር አይቶ ዝም ያለ ወንድ እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ባለቤቴ ታምራት አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና አለችው። ጠዋት ጠዋት ሁሩታ የሚያስተምሩ መምህራንን አድርሶ፣ ሲጨርሱ ይዟቸው ይመለሳል። እንጀራችን እሷ ናት። ታምራት ጠባዩ ለስላሳ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነው፤ ሲቆጣ ያየው ሰው ቢኖር የመኪናዋን በር የወረወረ ሰው ብቻ ነው። በር ተወርውሮ ሲዘጋ በደረቱ ውስጥ አንድ ነገር የሚሰበር ይመስለዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ በር ውስጠኛ በኩል «በሩን በቀስታ ይዝጉ» የሚል ስቲከር ለጠፈ። ስቲከሩን የሚያነቡ መምህራን ቢሆኑም አላመናቸውም፤ በአፉም ይደግመዋል። «በቀስታ!» ሳይል ያሳፈረው ሰው የለም። ሶስና የምትባለው ልጃችን አፏን የፈታችው «እማ» ብላ ነው፤ ቀጥላ ያለችው «ቀስታ» ነው።

ባለፈው ገና አካባቢ የታምራት እናት አርቦዬ በምትባለው የገጠር ከተማ አረፉ። አባቱ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ አባባ ነው የምላቸው። ታምራት ሄዶ አመጣቸው። አሰላ ደርሰው ከመኪናው ሲወርዱ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፋችን ላይ ለሰላምታ ቆሞ ነበር። አባባ ወረዱ፣ ዘወር አሉ፣ በሩን ያዙና ዘጉት። ጓ! መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ የጎረቤታችን የሐጂ አማን ዶሮዎች ከአጥር ዘለሉ።

«አባባ! ኧረ በቀስታ! የከብት በረት እኮ አይደለም!» አለ ታምራት፣ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ራሱም ደንግጦ።

ሰው ሳቀ። አባባ እጃቸውን ከበሩ ላይ እንደ ጋለ ነገር አነሡና፣ «ይቅርታ ልጄ። እኛ ዘንድ በር በደንብ ካልተዘጋ ጅብ ይገባል» አሉ። ሰው እንደገና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ሻንጣቸውን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ቢያንስ እንደዚያ መሰለን።

አባባ ቤታችን ውስጥ የሚይዙት ቦታ ከአንድ ጋቢ አይበልጥም። እንግዳ እንዳይጠበው ብለው ማዕዘን ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ልብስ ሳጥብ ሶስናን ይይዙልኛል። ድንች ስልጥ እሳቸውም ቢላ አንሥተው ይልጣሉ፤ ልጣጩ ረዥምና ያልተቆረጠ ሆኖ ይወርዳል። አንድ ቃል ሳንለዋወጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት እናሳልፋለን። እንዲህ ያለ ነገር ለሌላ ሰው ጭንቀት ነው፤ ለእኔ ግን በሕይወቴ ሙሉ «ምነው ዝም አልሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። አባት ቢኖረኝ ምን እንደሚመስል የማውቀው አሁን ነው፤ ድንች እየላጠ ዝም ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ከበዳቸው፤ ብርዱ። የአሰላን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ባትጠይቁኝ ይሻላል። የጭላሎ ተራራ ከጀርባችን ሆኖ ሲተነፍስብን ያድራል። ፀሐይ የወጣ ቀን እንኳ ቤት ውስጥ ጥላው ያንቀጠቅጣል። አባባ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲፈልጉ ሰንብተው በመጨረሻ አገኙት። ታምራት ከሁሩታ ተመልሶ መኪናዋን ግቢ ያቆምና በእግሩ ወደ ከተማ ይወጣል። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ውስጡን እንደ ምድጃ ዳር ታደርገዋለች። የፊተኛው የተሳፋሪ በር ቁልፉ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አይቆለፍም። አባባ ይገባሉ፤ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፤ በኦሮምኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይገልጣሉ፤ ፀሐይዋ እስክትዞር እዚያው ናቸው። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ቢሆንም አንድ ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም። የልጃቸው ወንበር ነዋ። እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

መኪናዋ መታመም የጀመረችው እንግዲህ ያን ሰሞን ነው።

አንድ ጠዋት ታምራት ቁልፉን ሲያዞር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እህ... እህ...» አለችና ተወችው። ሁለተኛ ሲሞክር «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» ብቻ። ከመሪው ፊት ያሉት የክሩስኮቱ መብራቶች ፈዘው ጠፉ። መምህራኑ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

በእኛ ሰፈር መኪና መግፋት እንደ ለቅሶ ነው፤ ያልደረሰ ይወቀሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የደረሱት አጥር የምንጋራው ገብስ ነጋዴ ጎረቤታችን ሐጂ አማን ናቸው፤ መፋቂያቸውን እንደነከሱ። ቀጥሎ በሌላው አጥር በኩል እትዬ ጥሩነሽ መጡ፤ እሳቸው አይገፉም፤ ግን ያዝዛሉ። መምህራኑም ደብተራቸውን ጣሪያዋ ላይ አስቀምጠው ትከሻቸውን ሰጡ። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ታምራት ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ አንድ ጊዜ እንደ በቅሎ ዘለለችና ተነሣች። ደብተሮቹ መንገድ ላይ ቀሩ።

«ባትሪ ነው!» አሉ ሐጂ አማን፣ መፋቂያውን አውጥተው። «ብርዱ ነው የገደለው። የጭነት መኪና በነበረኝ ጊዜ እኔ ባትሪውን ማታ ማታ ፈትቼ መኝታ ቤት አሳድረው ነበር። ወላሂ፣ ባለቤቴና እኔ መካከል!»

ባለቤታቸው ምን እንዳሉ አልነገሩንም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። የመኪና ባትሪ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚመረመር እኔ የተማርኩት ያን ጊዜ በመስኮት ነው፤ ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የፊት መብራት ታበራላችሁ፤ ሞተር ስታስነሱ ብርሃኑ እንደ ሻማ ከሟሸሸ ባትሪው ደክሟል። ክላክስ ትነካላችሁ፤ የታፈነች ፍየል ድምፅ ካወጣ፣ ያው ነው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሽቦው የሚታሰርበትን የባትሪ ራስ ታያላችሁ። የእኛ እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅሎ ነበር። ሐጂ አማን እኔን ሙቅ ውሃና ሶዳ አስመጥተው፣ ታምራት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገውና አጠበቀው። ብሩሹ የእኔ ነበር፤ አሮጌ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

በመጨረሻ ታምራት ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወዳጁ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ተውሶ መጣ። ሞተሩ ሲሠራ ለካው፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ። «ዲናሞው ደህና ነው፣ ይሞላል ማለት ነው» አሉ ሐጂ። ሞተሩን አጥፍቶ ለካው፤ ደህና ነው። በማግስቱ ጠዋት ለካው፤ ወርዷል።

«አየህ? ማታ ጤነኛ፣ ጠዋት ሬሳ!» አሉ ሐጂ አማን፣ ለቅሶ ላይ በማይገባ ደስታ ደስ ብሏቸው። «ሌሊት ምን አለ? ብርድ ነው ያለው!»

ደግሞም የሐጂ ነገር በየቀኑ ይረጋገጥ ነበር። አሰላ ቀኑ ጠርቶ ፀሐይ ከዋለች ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ደመና የዋለበት ሌሊት ግን ለዘብ ይላል። መኪናዋም ፀሐይ በዋለ ማግስት ትሞታለች፣ ደመና በዋለ ማግስት ትነሣለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ታምራት ትልቅ ሸራ ገዝቶ ከከተማ ሲመለስ ገና ሳይመሽ መኪናዋን ከጣሪያ እስከ ጎማ ያለብሳት ጀመር። እኔም ሞተሩ ላይ የሚደረብ ብርድ ልብስ ሰጠሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም የራሴ ምርመራ ነበረኝ፤ ሶስና ገብታ አንድ ነገር ትነካካለች ብዬ ስለጠረጠርኩ ከመኪናው አካባቢ አራቅኳት። መኪናዋ ግን ለብሳም ሞተች፤ ልጄም በከንቱ አለቀሰች።

ከዚያ የመጨረሻው መድኃኒት መጣ፤ አዲስ ባትሪ። አዲሱ እንደገባ የበልግ ዝናብ ያዘ። ዝናቡ በቆየበት ጊዜ ሁሉ መኪናዋ ቁልፉን ገና ስታይ ትነሣለች። ታምራት መዝሙሩን ቤት ውስጥም ይዘምር ጀመር። ዝናቡ አቆመ፤ ፀሐይ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት፦ «እህ... እህ... ጣ፣ ጣ፣ ጣ።»

ያን ቀን የገፉት ሰዎች ምርመራ አልሰጡም። ሐጂ አማን እንኳ መፋቂያቸውን አላወጡም። አዲስ ባትሪ በብርድ ሞተ ማለት ለእሳቸውም ከበደ። በሽታ ስሙ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? እትዬ ጥሩነሽ ይመጣሉ።

«እኔ እንኳ ሰው አላማም» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፈው። ሲያሙ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምሩት። «ግን የሶስና እናት፣ እስቲ አስቢው። ይህች መኪና ከመቼ ወዲህ ነው? ሽማግሌው ከመጡ ወዲህ አይደለም? ሚስታቸው ሞቱ፣ እዚህ መጡ፣ ባትሪው ሞተ፣ አዲሱ ሞተ። እግር የሚባል ነገር አለ!»

«እኛ በገድ አናምንም፣ እትዬ» አልኩ። ለእኔ ይህ ረዥም ንግግር ነው።

«ስለማታምኑ ነዋ የማታዩት!» አሉና ሄዱ።

ዘወር ስል የመኪናዋ መስኮት ዝቅ ብሏል። አባባ መጽሐፋቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። ገጹን አላገላበጡም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ግን ያን ቀን ባዳ አልሆነላቸውም።

ፀሐይዋ ስትዞር ወጥተው ወደ እኔ መጡ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የአርቦዬ መኪና ጠዋት ከየት ነው የሚነሣው?»

ታምራት ሲመጣ ለእሱም ነገሩት። ቤት ባዶውን ከዋለ ይፈርሳል፤ ሄጄ ልየው አሉ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልተናገሩም፤ ሻንጣቸውን ግን ሙሉውን ነው ያዘጋጁት፤ መነጽራቸውን፣ የሟች ባለቤታቸውን ነጠላ፣ ሁሉን። ታምራት «ምነው አባባ፣ ምን ጎደለብዎ?» ቢል፣ «ምንም፤ ጋሪ ዳ፤ ሁሉ ደህና ነው» አሉት። ልጅ አባቱ «ደህና ነው» ካለው ሌላ ምን ይላል? ጠዋት መምህራኑን ሲወስድ እግረ መንገዱን መናኸሪያ ሊያደርሳቸው ተስማሙ። አርቦዬ የሚጠብቃቸው አንድ ባዶ ቤትና በደንብ መዘጋት ያለበት በር ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ምን ብዬ እንደማስቀራቸው ግን አላውቅም።

የተሰጣ ልብስ ላነሣ ወጣሁ። ገና እየደነገዘዘ ነው፤ ታምራት መኪናዋን ሸራ አልብሷታል። ልብሱን እያነሣሁ ሳለ መብራት ጠፋ። የእኛም የጎረቤቱም፣ የመንገዱም። ከየቤቱ «ውይ!» የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ እናንተም ሰፈር መብራት ሲጠፋ ይህ ድምፅ ሳይኖር አይቀርም። እንግዲህ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ፣ አንድ ቦታ ብቻ መብራት አለ። ሸራው አንድ ጫፉ ተቀዶ ነበር፤ በቀዳዳው ቢጫ ብርሃን ይወጣል።

መኪናችን ውስጥ መብራት በርቷል።

ሸራውን ገለጥኩ። የጣሪያዋ መብራት ናት፤ በር ሲከፈት የምትበራዋ። በሮቹን አየሁ፤ ሁሉም የተዘጉ ይመስላሉ። የፊተኛውን የተሳፋሪ በር ገፋ ሳደርገው ግን ገባ አለ። አልተዘጋም ነበር። አንዴ ብቻ ይዞ፣ ሁለተኛውን ሳይዝ ቆሟል፤ የተኛ ሕፃን ያለበትን ክፍል በር እንደምትዘጉት ዓይነት አዘጋግ። እንዲህ የሚዘጋ ሰው ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ባሌ ያለውን፣ ልጄ ያለችውን፣ ስቲከሩም ያለውን እሺ ያለ ሰው።

እዚያው ልብሱን እንደታቀፍኩ ቆሜ ሁሉም ነገር በየተራ መጣልኝ። ፀሐይ ሲወጣ አባባ ይገባሉ፤ ሲወጡ በቀስታ ይዘጋሉ፤ መብራቷ በርታ ትቀራለች። ቀን ስለሆነ አትታይም። ሸራው ከመገዛቱ በፊት ደግሞ ማታ ማታ የደጃችን አምፖል ይውጣት ነበር። አሁን ደግሞ መኪናዋ ሳይመሽ ሸራ ትለብሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያያል? ጠዋት ታምራት የራሱን በር ሲከፍት መብራቷ ብትበራ ምን ይገርመዋል፤ በር ሲከፈት መብራት አለባት። ከፊት የሚቀመጡት መምህር ደግሞ ገብተው በሩን ይስቡታል፤ «በቀስታ!» ይባላሉ፤ ማስረጃው ጠፋ። ደመና በዋለ ቀን አባባ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ድንች ይልጣሉ፤ ባትሪውም ይተርፋል። ሐጂ አማን ብርድ የመሰላቸው ፀሐይ ነበር። ስህተት እንደዚህ በየቀኑ ሲሳካለት አይቼ አላውቅም።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብናገር አባባ ሁለት ባትሪ መግደላቸውን ይሰማሉ፤ በገድ ያፈሩት በእጃቸው ሥራም ያፍሩ? ታምራትስ የአባቱን እጅ ከበር ላይ ያስነሣው የራሱ ቃል መሆኑን በምን ፊቱ ይሰማል? ስለዚህ እንደ ግድግዳ አሰብኩ። በሩን በዳሌዬ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት፤ መብራቷ ጠፋች። ጠዋት መኪናዋ በደንብ ትነሣለች፤ «እግር ነው» ያለው ሰው ያፍራል፤ አባባም ይቀራሉ። ዝም አይነቅዝም አልኩና ልብሴን ይዤ ገባሁ።

ጠዋት፣ ቀኑ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ፣ ብርዱ እንደዚያው ሆኖ፣ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ሊገፉ የመጡት እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እንዴት ያለ ጠዋት ነው፤ ደስ አለኝ።

«አላልኩም?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ቀስ ብለው፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ቀስታ። «ሻንጣቸውን ገና ከማንሣታቸው!»

ዝም አለመንቀዙ እንዲህ ነው። ባትሪውን አድኜ ሰውየውን አስወጣኋቸው። ሐጂ አማን እንኳ አንገታቸውን ደፉ፤ ታምራትም እንዳልሰማ ሆኖ መስታወቱን ይወለውላል፤ ንጹሕ መስታወት።

አባባ ገብተው ከፊት ተቀመጡ፤ ሻንጣቸው ጭናቸው ላይ፣ ስንቅ ብዬ የቋጠርኩላቸው የገብስ ጭኮ ሻንጣው ላይ። መምህራኑ ከኋላ ተደራረቡ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ያዙ፤ ሳቡት፤ «ጭ» አለ። የማይሰማ ነገር ነው። ሶስና ከእቅፌ ሆና «ቀስታ» አለች።

አስተማሪዬ ትዝ አለችኝ። ሶስናን ለሐጂ አማን አቀበልኩ፤ ሐጂ ሳያስቡት ተቀበሉኝ። ሄጄ የአባባን በር ከፈትኩና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወረወርኩት።

ጓ!

የሐጂ ዶሮዎች ከአጥር ዘለሉ። ታምራት «ኧረ በቀስታ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ የወረወረችው ማን እንደሆነች አየ። 

«በቀስታ ሲዘጋ አይዘጋም» አልኩት። «ና እይ።»

የራሱን በር ዘግቶ መጣ። የአባባን በር ከፈትኩና እንደ አባባ አድርጌ መለስኩት፤ «ጭ»። በእጄ ጣሪያውን አሳየሁት። መብራቷ በርታለች። ከፈትኩና ወረወርኩት፤ ጠፋች። ደገምኩለት፤ «ጭ»፣ በራች፤ «ጓ!»፣ ጠፋች። «ማታም እንዲህ በርታ አግኝቻት ነው የዘጋሁት» አልኩ። ለማንም ሌላ ነገር አላስረዳሁም። ታምራት በሩን አየ፣ ስቲከሩን አየ፣ አባቱን አየ። ፊቱ ላይ ያ የመጀመሪያው ቀን ሲመጣ አየሁት። ከኋላ የተቀመጡት መምህራን፣ በየቀኑ «በቀስታ!» የሚባሉት፣ ጣሪያዋን አንጋጠው ያያሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ አማን ናቸው። «ያ ረቢ! ታምራት፣ ባትሪህን የገደለው ብርድ አይደለም ለካ፤ ጨዋነት ነው!»

አባባ አልሳቁም። ቀጥ ብለው በፊት መስታወቱ እያዩ፣ «ብዬ ነበር እኮ» አሉ። «በር በደንብ ካልተዘጋ ጅብ ይገባል።»

ታምራት በሩን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ከአባቱ ጭን ላይ አነሣና ለእኔ ሰጠኝ። ጭኮውን ተወላቸው። «እርስዎ እንደተቀመጡ ይሁኑ፤ መምህራኑን ሁሩታ አድርሰን አብረን እንመለሳለን» አለ። ድምፁ መዝሙር እንደጨረሰ ሰው ሻክሮ ነበር። ከዚያ የበሩን ጠርዝ ለአባቱ አቀብሎ፣ «ይዝጉት አባባ» አላቸው።

አባባ ልጃቸውን አዩት። «እንደ ድሮዬ?»

«እንደ ድሮዎ።»

ጓ! መስታወቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ታምራት ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን ምንም አላለም። መኪናዋ ቁልቁለቱን ወረደች፤ የሚገፋት ሰው አላስፈለጋትም።

«እኔ እንኳ ሰው አላማም» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ከአጠገቤ ሆነው። «ግን ከመጀመሪያውም መብራት ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር።»

ምን ይባላል? ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ላይ ይህን ያህል ከተናገርኩ ለዓመት ይበቃኛል።

ሻንጣውን አስገብቼ ነጠላውን ከነበረበት ማዕዘን ሰቀልኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግቢውን ያዘች፤ ታምራት መኪናዋን ግቢ አቁሞ ሄደ። አባባ መጽሐፋቸውን ይዘው ከመግባታቸው በፊት ቀድሜ ሄድኩና ያን ስቲከር በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ። ክፉ ሙጫ ነው፤ ትንሽ ጋዝ ብቀባውም ሙሉ ለሙሉ አልለቅ አለ። «በቀስታ ይዝጉ» የሚለው ለቀቀ፤ «በሩን» የሚለው ቀረ።

እሱን ተውኩት።